ከባዱን ይዘው ይምጡ

ወልድያን ለቅቄ የወጣሁ ዕለት የያዝኩት አንድ የትከሻ ቦርሳ ብቻ ነበር። ውስጡ ሁለት ቀሚስ፣ የትምህርት ማስረጃዬ፣ መታወቂያዬና በመሐረብ ጫፍ የቋጠርኳቸው የስልክ ሜሞሪዎች ነበሩ። ጎረቤቴ ቋጠሮውን ስታይ ሳቋ መጣ። «ሰው ሽሮና በርበሬ ይዞ ይሰደዳል፤ አንቺ ዘፈን ቋጥረሽ!» አለችኝ። ዘፈን አይደለም ብዬ ልቆጣት ስል ከቆቦ በኩል ያ የመድፍ ድምፅ መጣ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ሁለታችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን ግድግዳ ሥር ቁጭ አልን። ዝም ሲል እሷም ሳቋን፣ እኔም ቁጣዬን ረስተነው ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ አልፈራሁም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እግዜር ይባርከው ብዬ አልፈዋለሁ። እኔ ፈርቻለሁ። በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ልግባ እስክል ድረስ ፈርቻለሁ። መሣሪያው ሲያጓራ ከምፈራው ይልቅ ደግሞ ዝም ሲል የምፈራው ይብስ ነበር፤ ምክንያቱም ዝም ሲል ሰዉ ማውራት ይጀምራል። ሰርጎ ገብ ገብቷል፣ ሰላይ ተይዟል፣ የእገሌ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተገኘ ይባላል። ያን ሰሞን ሰው በገዛ አፉ ይጠፋ ነበር። የእኔም ጣጣ የመጣው በአፌ ነው።

ጎረቤቴ ዘፈን ያለችው መንዙማ ነው። የስቱዲዮውን ማለቴ አይደለም። እኔ የምወደው ገበሬው ከእርሻ ተመልሶ በገዛ ደጁ፣ በሬ ሲጠራበት በዋለው ድምፅ የሚለውን ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ድቤ ይመታል፣ በመሐል ሰው ያስላል፣ ፍየል ይጮኻል። ኪቦርድ ሲገባበት እኔ እወጣለሁ። ክርስቲያን ሆነሽ መንዙማ ምን አደረገልሽ የሚለኝ አለ፤ የወሎ ሰው ግን አይለኝም። አባቴ የሚካኤልን ጽዋ የሚጠጣ ሰው ነበር፤ መውሊድ ሲደርስ ደግሞ ጎረቤት ሄዶ ጥግ ይዞ ሲወዛወዝ ያመሽ ነበር።

ችግሩ ይህን ዓይነቱን መንዙማ መግዛት ነው። ወልድያ ሜሞሪ የሚጭኑት ሱቆች ሄዳችሁ የገበሬ መንዙማ ስትሉ ባለሱቁ ከላይ እስከ ታች ያያችኋል። «እሱ ጥራት የለውም እኮ» ይላል። ጥራት የሚለው ፍየሏ አለመጮኋን ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከሰው ወደ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን የምንፈላልግ ሰዎች ወልድያ ላይ ብንሰበሰብ አንድ ባጃጅ አንሞላም። ጥቂት ብንሆንም የራሳችን ቋንቋ ነበረን። በጭብጨባ ብቻ የሚባለውን «ቀላል»፣ ትልቁ ድቤ የሚመታበትን «ከባድ» እንል ነበር። «ከውርጌሳ አንድ ከባድ አግኝቻለሁ» ስንባባል በሰላሙ ጊዜ ማንም ዞር ብሎ አያየንም ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የምወደውን መንዙማ የሚሉትን ሰው ያገኘኋቸው በባጃጅ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የባጃጁ ሹፌር የከፈተው ድምፅ ጆሮዬን ያዘኝ። ሰፈሬን አልፌ ሄድኩ፤ አላወረድከኝም ብዬም ሹፌሩን ተቆጣሁት። ድምፁ ያረጀ ነው፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀበት ቦታ ነው የሚገድለው። «ማን ናቸው?» አልኩት። «የግራና ገበሬ ናቸው። ይሸጡልሻል፤ ግን ቤታቸው ካልሄድሽ አይሰጡም» አለኝ። በገበያ ቀን ግራና ወረድኩ፤ ጠይቄ ጠይቄ ቤታቸውን አገኘሁ።

ሽርጥ ያገለደሙ፣ ረዥም፣ ጆሯቸው ደከም ያለ አባት ናቸው። ልጃቸው ከሳዑዲ በላከላቸው ስልክ ሐድራ ተቀምጠው መንዙማ ሲባል ራሳቸው ይቀዱታል፤ ሜሞሪ ላይ ያስገለብጡና ለፈለገ ሰው በእጃቸው ይሸጣሉ። ለሱቅ ግን አይሰጡም። «ሱቅ ከገባ በኔ ድምጥ ላይ የማላውቀውን ነገር ይጨምሩበታል» አሉኝ። ዋጋውን ስጠይቃቸው «የወደድሽውን» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ጥግ ላይ፣ በአጎዛ ላይ፣ እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ የተሸፈነ ትልቅ ድቤ ተቀምጧል። ልነካው እጄን ስዘረጋ ተቆጡ።

«ውዱእ አለሽ?»

«አባባ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ» አልኩ ደንግጬ።

«ሃይማኖትሽን መች ጠየቅሁ? ታጥበሻል ወይ ነው ያልኩሽ።»

ወጥቼ ታጥቤ ገባሁና ነካሁት። ያ ድቤ የአያታቸው ነበር። ባዶ መሬት አይነካም፤ ያልታጠበ እጅም አይነካውም። በእሳቸው ቤት ሕጉ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ እየተመላለስኩ ከእሳቸው ገዛሁ። የመጨረሻው ጊዜ ላይ ለመውሊድ የቀዱትን አንድ ከባድ እንደሚያስገለብጡልኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር፤ ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀ፤ ቆቦ ተያዘ ተባለ፣ ወልድያ መውጣት ጀመረች።

እንግዲህ ልወጣ በተነሣሁበት ጠዋት ለእሳቸው ደወልኩ። አእምሮ ያለው ሰው በዚያ ሰዓት ለመንዙማ አይደውልም፤ አውቃለሁ። ግን ደሴ የምሄደው በመርሳ ነው፤ ግራና ደግሞ ከመርሳ ሩቅ አይደለም፤ እመለስ አልመለስ አላውቅም። ፈሪ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። «መርሳ ላይ አልፋለሁ፤ ቃል የገቡልኝን ከባዱን ይዘውልኝ ይወርዳሉ?» አልኩ እየጮኽኩ። «ይዤ…» ሲሉ መስመሩ ተቆረጠ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነበር።  መርሳ መግቢያ ላይ ድንጋይ ደርድረው ኬላ ሠርተዋል፤ ዱላ የያዙ ወጣቶችና ክላሽ ያነገተ አንድ ሚሊሻ መኪና ሁሉ እያስቆሙ ይፈትሻሉ። ወርደን ተሰለፍን። ሚሊሻው ከደጋ የመጣ ነው መሰለኝ ጋቢው ወፍራም ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቲማቲም መስሏል። ለወጣቶቹ አንድ ነገር ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እሱም እንደኔ መፍራቱ ገባኝ፤ የፈራ ሰው መሣሪያ ሲይዝ ደግሞ ከጀግናው ይልቅ ያስፈራል።

ይኼኔ ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው።

«መርሳ ደርሻለሁ ልጄ! ከባዱን ነው ያልሽው አይደል?»

«አዎ ከባዱን!» አልኩ። አይሰሙኝማ፤ ጉሮሮዬ እስኪበጠስ ጮኽኩ። «ከባዱን ይዘው ይምጡ! ኬላው ጋ ነኝ! ሰዉ እዚሁ ተሰብስቧል፤ ሳይበተን ቶሎ ይድረሱ!»

ስልኩን ስዘጋ ሰልፉ ጸጥ ብሏል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ያን ሰሞን ሕፃን እንኳ «ከባድ» ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠዋት መስኮቴን ያንቀጠቀጠውን መሣሪያ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እንደ ሌላ ሰው ሆኜ የሰማሁት። ከኋላዬ የነበረችው ሴት ልጇን አቅፋ ፈቀቅ አለች።

ሚሊሻው መጣ። «ማነው ከባድ የሚያመጣው?»

«መንዙማ ነው» አልኩ። «ከባድ ማለት… መንዙማ ነው።»

«ከባድ የሚባል መንዙማ አለ?» ብሎ ወደ ሰልፉ ዞረ። ከእኛው መኪና የወረዱ አንዲት ሙስሊም እናት ነበሩ። ክፋት የላቸውም፤ እያዘኑ አዩኝና «ኧረ እኔስ ሰምቼ አላውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ቃሉን የምናውቀው አንድ ባጃጅ የማንሞላው ሰዎች ነን።

ቦርሳዬን ገለበጡት። የቋጠርኳቸው ሜሞሪዎች ሲወጡ ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይህን ያህል ሜሞሪ መሐረብ ውስጥ ቋጥሮ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔም እነሱን ብሆን እጠረጥር ነበር። «አጫውቱት፣ ስሙት!» አልኩ ተስፋ አግኝቼ። አንዱን ስልኬ ላይ ከተቱት። የእሳቸው ድምፅ ወጣ፤ ከመጀመራቸው በፊት ተቀባዮቻቸውን ሲያዘጋጁ ነው። «ሁላችሁም ቦታ ቦታችሁን ያዙ… ተዘጋጅታችኋል? እንግዲያ ምታው!» አሉ። ስልኩ ጨለመ። መብራት ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው፣ ባትሪው አለቀ። መንዙማው አልተሰማም፤ የተሰማው «ምታው» ብቻ ነው።

መታወቂያዬን ሚሊሻው ኪሱ ከተተው። ሚኒባሱ ተፈትሾ አለፈ፤ አንድም ሰው በመስኮት አላየኝም። እኔን ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። «ሰውየው ይምጣ» አለ ሚሊሻው። «ይዞት ይምጣና እናያለን።» ከዚያ ለወጣቶቹ በግራና በቀኝ ቦታ ሰጣቸው።

ያኔ ነው ፍርሃት ምን እንደሆነ ያወቅሁት። እስከዚያች ሰዓት የፈራሁት ለራሴ ነበር። አሁን ግን ጆሮ የማይሰሙ ሽማግሌ፣ እኔ ጠርቻቸው፣ የቃታ ምላጭ ላይ ጣቱን አድርጎ ወደሚጠብቃቸው ሰው በእግራቸው እየመጡ ነው። ልደውል ስልኬ ሞቷል። ሄጄ ልቀበላቸው ብል «ንቅንቅ እንዳትይ» አለኝ። በውስጤ ለመንኩ፤ ጉልበታቸውን እንዲያማቸው፣ ቤታቸው አንድ ነገር ረስተው እንዲመለሱ፣ መንገድ ላይ ሰው አግኝተው ወሬ እንዲይዙ። ሜሞሪ እኮ ትንሽ ናት፣ ጥፍር ታህላለች፤ እጃቸውን ዘርግተው ሲያሳዩ ነገሩ ይበርዳል እያልኩም ራሴን አጽናናሁ።

ከከተማው በሚመጣው መንገድ ብቅ አሉ። ከሩቁ በአረማመዳቸው ለየኋቸው። በሁለት እጃቸው አንድ ትልቅ፣ ክብ ነገር በብርድ ልብስ ጠቅልለው አቅፈዋል።

 በእሳቸው ቤት «ከባዱ» ማለት ድቤው ነው። የእኛን የፈላጊዎቹን ቋንቋ ከየት ሊያውቁት? ከባዱን ይዘው ይምጡ ሲባሉ ከባዱን ይዘው መጡ።

«ቁም!» አለ ሚሊሻው። አልሰሙትም። «ቁም አንተ!» ክላሹን አቀባበለ፤ እስካሁን ቁልፍ በር ላይ ሲዞር በሰማሁ ቁጥር ያ ድምፅ ያስደነግጠኛል። ወጣቶቹ ከድንጋዩ ኋላ ዝቅ አሉ። እኔ «አባባ ይቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። የእኔን ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ እርምጃቸውንም ጨመሩ።

«አብሽሪ ልጄ! ይዤዋለሁ! ከባዱን ይዤዋለሁ!»

ተነሥቼ ሁለት መዳፌን ወደፊት ዘርግቼ ሳርገበግብ አይተው ነው የቆሙት። ሚሊሻው «መሬት ላይ አስቀምጠው!» አለ። ይህንን ሰሙት። የያዙትን ወደ ደረታቸው ጠበቅ አደረጉ።

«መሬት ላይ አይቀመጥም» አሉ።

«አስቀምጠው ብዬሃለሁ!»

«መሬት ላይ አይቀመጥም አልኩህ እኮ ልጄ።»

በቁጣ አይደለም የተናገሩት፤ ለማያውቅ እንግዳ የቤታቸውን ሥርዓት እንደሚነግሩ ነው። ሚሊሻው አፈሙዙን ወደ ደረታቸው አስተካከለ። ግንባሩ ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። ሌላ አንድ ቃል ቢናገሩ ሊተኩስ እንደሆነ ልቤ ነገረኝ። ነጠላዬን ከትከሻዬ ሳብኩና መካከላቸው ገባሁ። ያደረግሁት ከጀግንነት አይደለም፤ ቆሜ መጠበቁ ከመሞት ባሰብኝ። ነጠላውን አስፋልቱ ላይ ከእግራቸው ሥር ዘረጋሁ። «እዚህ ላይ ያስቀምጡት አባባ፤ በእናትዎ» አልኩ። አዩኝ፤ ነጠላውን አዩ፤ ጎንበስ ብለው አስቀመጡት።

ብርድ ልብሱን ራሳቸው ፈቱት። ድቤው ወጣ። ከወጣቶቹ አንዱ ሳቀ፤ ፍርሃቱ ሲለቀው የሚወጣ ሳቅ ነው። ሚሊሻው አልሳቀም። ተጠግቶ ዞረውና «ውስጡስ?» አለ። «አባት፣ ውስጡን ማየት አለብኝ።» አፉ ከ«አንተ» ወደ «አንቱ» ሲሄድ ሰማሁት፤ ጣቱ ግን ከምላጩ አልተነሣም።

«ታጥበሃል?» አሉት።

ሚሊሻው አልገባውም። እኔን አየኝ።  ከወገቡ ሳንጃ መዘዘና ተንበርክኮ ቁርበቱን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። አየር የሚወጣ ድምፅ ተሰማ። የአያታቸው ድቤ አፉን ከፈተ፤ ውስጡ ጨለማ ብቻ ነበር። እኔ፣ ያን መንዙማ እወዳለሁ የምለው እኔ፣ ድምፄን አውጥቼ «ተመስገን!» አልኩ። የተሰነጠቀው እሳቸው ስላልሆኑ ነው። አሁንም ቢሆን ተመስገን እላለሁ። ግን እሳቸው ሰምተውኝ ቀና ብለው ሲያዩኝ ያዩበትን ዓይን ልነግራችሁ አልችልም።

ሚሊሻው መታወቂያዬን መለሰልኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባት» ብሎ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ትከሻውን ብቻ መታ መታ አደረጉት።

ከኬላው አለፍ ብለን አንድ ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን። ድቤው ጭናቸው ላይ ነው። የተሰነጠቀውን ጠርዝ በጣታቸው እየገጠሙ «ቁርበት ነው፤ ይለወጣል» አሉ። ቀጥለውም «ከጦርነቱ ልታሸሺልኝ መስሎኝ ነበር። ከባዱን ስትይኝ፣ አላህ የላከልኝ ሰው አልኩ» አሉኝ።

የፈለግሁት ሜሞሪውን እንደነበር አልነገርኳቸውም፤ ምን ይረባል። እሳቸው ግን ሌላ ጥያቄ ነበራቸው።

«እነዚያ ልጆች ምን ፈልገው ነው እንዲያ የሆኑት?»

«ከባድ መሣሪያ የያዙ መስሏቸው ነው።»

«ማን? እኔ?»

«አዎ።»

«እና ያ ልጅ… ሊተኩስብኝ ነበር?»

አዎ አልኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ አልገባቸውም ነበር፤ ሥርዓት የጎደለው ልጅ እያረሙ ነበር የመሰላቸው።  ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ያለው ድቤ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድቤው አልነበረም፤ ጉልበታቸው ነው። «ያ ረቢ» አሉ ቀስ ብለው። «ያ ረቢ፣ ስመጣ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር።» የሴት እጅ ጨብጠው የማያውቁ ሰው ክንዴን ያዙ።

«መመለሻው መንገድ ላይ ሌላም ኬላ አለ፤ ስመጣ ድንጋይ ሲደረድሩ ነበር» አሉኝ። «ስመጣ አልፈራሁም። አሁን ፈራሁ። አድርሺኝ።»

መኪና ሁሉ ወደ ደሴ እየበረረ ነው። እኔ ደግሞ በዓለም ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ከዚያ ኬላና ከዚያ ድምፅ መራቅ ነበር። እምቢ የምልበትን ቃል ፈለግሁ፤ እግዜር ያውቃል፣ ፈልጌ ነው ያጣሁት። ተነሣሁ። ነጠላዬን ድቤው ላይ አልብሼ ወደ ግራና ሄድን፤ እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ድቤያቸውን አቅፈው። መንገዱ ላይ ሰው ባየሁ ቁጥር፣ ዱላ ይያዝ መሣሪያ ይያዝ ሳልለይ፣ ገና ከሩቁ እጮኽ ነበር። «ድቤ ነው! ባዶ ነው! ድቤ ነው፣ ባዶ ነው!»

ጥቂት እንደሄድን ከኋላዬ ጠሩኝ። «ልጄ» አሉ። «ድቤ ነው በዪ። ባዶ ነው ግን አትበዪ።»

እሺ አልኳቸው። ቀጣዩ ኬላ ጋ ስንቃረብ አንዱ ከተቀመጠበት ድንጋይ ብድግ ሲል አየሁት። ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁና ድምፄ እስኪሰነጠቅ «ባዶ ነው! ባዶ ነው!» አልኩ።